ስለ ዲ-ዴይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ኖርማንዲ ላይ በትክክል ስንት ሰው አለቀ?

ዲ-ዴይ የምንለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳና የአጋሮቻቸው ጦር፣ "የተባበሩት" የሚባሉት፣ ጀርመን በያዘችው ፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ የወረዱበትን ቀን ነው። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ፣ በኛ ነው ካላልኩ በቀር ቀንና ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ዲ-ዴይ ማለት ምን ማለት ነው? "ዲ"ዋስ የምን ናት?

ብዙ ሰው ሚስጥር ያለው ቃል ይመስለዋል፣ ግን "ዲ"ዋ ቀን ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ በቃ። ጦር ዘመቻ ሲያቅድ ቀኑ ገና ካልተቆረጠ ወይም እንዳይታወቅ ከተፈለገ ዲ-ዴይ ይለዋል፣ ሰዓቱን ደግሞ ኤች-አወር፣ ከዛ ሁሉም ነገር ከሱ ወደፊትና ወደኋላ ይቆጠራል። ስለዚ በዛ ጦርነት ብዙ ዲ-ዴዮች ነበሩ፣ ዛሬ ስሙ ሲጠራ ግን ሁሉም የሚያስበው የኖርማንዲውን ነው። ኦቨርሎርድ የሚባለው የጠቅላላው ዘመቻ የሚስጥር ስም ነው፣ ኔፕቱን ደግሞ ባህሩን አቋርጦ ዳርቻው ላይ የማረፉ ክፍል።

መቼ ነው የሆነው? በኛ አቆጣጠርስ? ኢትዮጵያ ነበረችበት?

ማክሰኞ ጁን 6 ቀን 1944፣ በኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም። መጀመሪያ የታሰበው በዋዜማው ጁን 5 ነበረ፣ ግን በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለው ባህር፣ የእንግሊዝ ቻናል፣ በማዕበል ተናወጠ፣ የአየር ሁኔታ ባለሙያው ጄምስ ስታግ ለዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ ለጄኔራል አይዘንሃወር ትንሽ ፋታ የምትሰጥ ቀዳዳ ትመጣለች አለው፣ በሷ ነው የገቡት። ያቺ ካመለጠች ጨረቃውም የባህሩ መሙላትና መጉደልም ተመልሶ እስኪገጥም ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረባቸው፣ እና ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣው ማዕበል ምን ያህል ከባድ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል፣ ዳርቻው ላይ ከገጣጠሟቸው ሁለት ሰው ሰራሽ ወደቦች አንዱን ጨርሶ የሰባበረው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ኖርማንዲ ላይ አልነበረችም። የራሷን አምስት ዓመት ተዋግታ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገቡ ሶስት ዓመት አልፎ ነበር፣ በ1942 መጨረሻ ደግሞ በጀርመን፣ በጣሊያንና በጃፓን ላይ ጦርነት አውጃ ከተባበሩት ጎን ቆማለች።

ለምን በባህር? ለምንስ ኖርማንዲ ተመረጠ?

ፈረንሳይ ከ1940 ጀምሮ በጀርመን እጅ ናት፣ የተባበሩት ጦር ያለው እንግሊዝ አገር ነው፣ መሀላቸው ባህር ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። በጣም የሚቀርበው የካሌ ወደብ አካባቢ ነው፣ ጀርመኖችም እዛ ነው የሚመጡት ብለው በደንብ መሽገውበታል። ከዛ በፊት ኦገስት 1942 ዲየፕ በምትባል ወደብ ላይ ሙከራ ተደርጎ ወደ 5,000 ከሚጠጉት ካናዳውያን 907ቱ ሞቱ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉት ተማረኩ። የተመሸገ ወደብ ላይ ፊት ለፊት መግባት እንደማይሆን የገባቸው በነዛ ልጆች ደም ነው። ኖርማንዲ ራቅ ይላል ግን አሸዋማ ዳርቻው ሰፊ ነው፣ ምሽጉም ከካሌ ይሳሳል፣ የሚያርፉበት ዳርቻ ትልቅ ወደብ ስለሌለው ደግሞ ወደቡን ራሳቸው ሰርተው እየጎተቱ ይዘው ሄዱ።

ጀርመኖችን ለማታለል የተሰራው ስራም ቀላል አልነበረም። በሌለ ጦር ላይ ጄኔራል ፓተንን አዛዥ አድርገው ካሌ ፊት ለፊት አስቀመጡት፣ ጋርቦ የሚባል የስፔን ተወላጅ ድርብ ሰላይ ደግሞ ኖርማንዲ ማዘናጊያ ነው ዋናው ገና ነው እያለ ይነግራቸው ነበር፣ አመኑት፣ ለሳምንታት ካሌ ያለውን ጦራቸውን አላነቃነቁም። ያ ውሸት ያተረፈው ነፍስ ተቆጥሮ አያልቅም።

ስንት ወታደር ነው የተሻገረው? የነማን ነበሩ?

በአንድ ቀን ወደ 156,000 ሰው፣ ከነዚህ ውስጥ ከ20,000 በላይ የሚሆኑት በሌሊት በፓራሹትና በግላይደር፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ የወረዱ አየር ወለዶች ናቸው። መርከብና ጀልባው ሁሉ ሲደመር ወደ 7,000 ይጠጋል። ዳርቻው በአምስት ተከፍሎ ዩታና ኦማሃ ለአሜሪካኖች፣ ጎልድና ሶርድ ለእንግሊዞች፣ ጁኖ ለካናዳውያን ተሰጠ። ሶርድ ላይ 177 የፈረንሳይ ኮማንዶዎች አብረው ወርደዋል፣ አገራቸውን ከአራት ዓመት በኋላ የረገጡት በጥይት መሀል ነው።

ሲኒማ ላይ ከዳርቻው ስለሚጀመር ሰው አየር ወለዶቹን ይረሳል። ጀርመኖች ሜዳውን ሆን ብለው በውሃ አጥለቅልቀውት ስለነበር በጨለማ የወረዱ ብዙ ልጆች ከነትጥቃቸው እዛው ሰጥመው ቀርተዋል፣ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ።

ኦማሃ ላይ ለምንድነው ያን ያህል ሰው ያለቀው?

ብዙ ነገር ነው በአንዴ የተበላሸው። ሰማዩ ደመና ስለነበር ቦምብ ጣዮቹ የራሳችንን ወገን እንዳንመታ ብለው ትንሽ አዘገዩት፣ ቦምቡ ከምሽጎቹ አልፎ ሜዳ ላይና ከብት ላይ ወደቀ፣ ስለዚ ጠዋት 12፡30 ላይ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ሲደርሱ መትረየሶቹ አብዛኞቹ አልተነኩም። በውሃ ላይ እንዲንሳፈፉ የተሰሩ ታንኮች ነበሩ፣ አንዱ የታንክ ሻለቃ ባህር ላይ ከለቀቃቸው 29 ታንኮች 27ቱ ሰጠሙ፣ ውስጣቸው ሰው አለ። ከፊት ያለው ደግሞ ገደል ነው፣ ጀርመኖቹ ከላይ ሆነው ዳርቻውን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል፣ እነሱም ይጠበቅ ከነበረው በላይ የሰለጠነ ክፍለ ጦር ነበሩ። ወታደሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ባህሩ ሲያስመልሳቸው አድረው፣ ጀርባቸው ላይ ሰላሳ ኪሎ የሚደርስ ሸክም ይዘው፣ አንገታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ነው የተጣሉት። ቁስለኞች መነሳት አቅቷቸው ባህሩ እየሞላ ሲመጣ ሰጠሙ፣ እኔ ከሁሉ በላይ መርሳት ያቃተኝ ይሄንን ነው።

ዩታ ላይ ደግሞ የባህሩ ጅረት ከታሰበው ቦታ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር አካባቢ ገፍቷቸው ምሽጉ የሳሳበት ቦታ ላይ ጣላቸው፣ ዳርቻው ላይ ሙትና ቁስለኛው ወደ 200 ገደማ ብቻ ነበረ። ኦማሃ ላይ ከ2,000 በላይ ነው። መሀላቸው ያለው ርቀት በመኪና ሲኬድ ብዙም አይደለም።

እሺ በዛች ቀን ስንት ሰው ሞተ? ለምንድነው ቁጥሩ በየቦታው የሚለያየው?

እስካሁን በስም ተለይተው የተቆጠሩት የተባበሩት ወገን ሟቾች ከ4,400 በላይ ናቸው፣ ከነሱ ከ2,500 በላይ የሚሆኑት አሜሪካውያን ናቸው። ለረጅም ዘመን ግን ሲነገር የኖረው ወደ 2,500 ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤድፎርድ ከተማ ያለው የዲ-ዴይ መታሰቢያ ነው፣ ዓመታት ወስደው የየክፍለ ጦሩን መዝገብ፣ የመቃብር ዝርዝሩን፣ ደብዳቤውን እያገላበጡ አንድ በአንድ ስም ለቀሙ። ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ጁን 6 ቀን 1944 ጠፍቶ አስከሬኑ ያልተገኘ አሜሪካዊ ወታደር በህግ ሞተ የሚባለው ዓመት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የሞተበት ቀን ጁን 7 ቀን 1945 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡን እንዳለ ከወሰድከው ልጁ ኖርማንዲ ላይ አልሞተም ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር የኛ የትርጉም ችግር ነው፣ ይሄንን ብዙ ቦታ አይቼ ስለማዝን ልናገረው። በእንግሊዝኛ "ካዡዋሊቲ" ሲሉ የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋና የተማረከ አንድ ላይ ተደምሮ ነው። በአማርኛ ሲመጣ "10,000 ሰው ሞተ" ይሆናል። አይደለም። አስር ሺ የሚባለው የተባበሩት ሙትና ቁስለኛ ምርኮኛውም ጭምር በግምት ነው። ቋንቋችን እኮ ሙትና ቁስለኛ የሚል ጥሩ ቃል አለው፣ እሱን መጠቀም ነው። ካናዳውያን ይሄንን በደንብ ይለዩታል፣ በዛ ቀን 1,074 ሙት፣ ቁስለኛና ምርኮኛ ከነሱ ውስጥ 359 ሙት ይላሉ።

ሶስተኛው ነገር እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የአንድ ቀንና የአንድ ወገን ናቸው። ጀርመኖቹ የሉበትም፣ የኖርማንዲ ገበሬና የከተማው ሰውም የለበትም። እነሱን ከታች ለብቻቸው እመጣባቸዋለሁ።

ቤድፎርድ ለምንድነው መታሰቢያው እዛ የሆነው?

በጊዜው ወደ 3,200 ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት፣ ልጆቿ የክልል ዘብ ውስጥ አብረው ተመዝግበው አንድ ሻምበል ውስጥ ገብተው ነበር፣ ያ ሻምበል ኦማሃ ላይ በመጀመሪያው ዙር ከሚወርዱት ጋር ተመደበ። ወደ 20 የሚጠጉ የቤድፎርድ ልጆች በአንድ ጠዋት አለቁ፣ አብዛኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ። ከተማዋ ግን ከወር በላይ ምንም አልሰማችም፣ ከዛ በጁላይ አጋማሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለችው የቴሌግራም ማሽን መርዶ ማውረድ ጀመረች፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው። ሆባክ ከሚባለው ቤት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ እናትየው የአንዱን ሞት የሌላውን መጥፋት ሁለት ቀን ተከታትሎ ነው የተረዱት። የጠፋው አስከሬኑ አልተገኘም፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ግን አንድ ወታደር አሸዋው ላይ አግኝቶ ለናቱ ላከላቸው።

ዲሲና ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖች፣ ጥቂት ሰዓት መንዳት ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከወረራው በፊት ስልጠና ላይ የሞቱ አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1944 ለሊት እንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ላይ ታይገር የሚባል ልምምድ ሲያደርጉ የጀርመን ፈጣን ጀልባዎች ደርሰው መርከቦቹን መቱ፣ 749 አሜሪካውያን ሞቱ፣ ይሄ ዩታ ላይ በዲ-ዴይ ዕለት ከደረሰው ሙትና ቁስለኛ ከሶስት እጥፍ ይበልጣል። ብዙዎቹ የሰጠሙት የመንሳፈፊያ ቀበቶውን ከብብታቸው ስር በማሰር ፈንታ ወገባቸው ላይ አስረውት ሸክሙ ከላይ ስለከበደ ተዘቅዝቀው ነው፣ እንዴት እንደሚታሰር በደንብ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ሚስጥሩ እንዳይወጣ የተረፉት እንዳይናገሩ ታዘዙ። ቤተሰቦቻቸው ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ስንት ዓመት ኖረዋል።

ጥቁር ወታደሮች ነበሩበት?

ነበሩ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን በዛ ቀን ዳርቻው ላይ ወርደዋል፣ ጦሩ በዘር የተለየ ስለነበር አብዛኞቹ ጭነትና መጓጓዣ ላይ ነበሩ። 320ኛ የሚባለው የባሉን ሻለቃ ግን ተዋጊ ነበረ፣ የጀርመን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እንዳይመጣ በገመድ የታሰሩ ትልልቅ ባሉኖችን የሚሰቅል። የሱ የህክምና ወታደር ዋቨርሊ ውድሰን ራሱ ቆስሎ ኦማሃ ላይ ለ30 ሰዓት ያህል ሰው ሲያክም ነበረ። የሚገባውን ከፍተኛ ሜዳሊያ በህይወቱ አላየም፣ በ2005 ሞተ፣ ጦሩ የሰጠው በ2024 ነው፣ 80 ዓመት ቆይቶ።

ጀርመኖችስ? የነሱ ሙት አይቆጠርም?

ይቆጠራል ግን መዝገቡ ተበታትኗል፣ በዛች ቀን ሙትና ቁስለኛቸው ከ4,000 እስከ 9,000 ይገመታል። ላ ካምብ የሚባለው መቃብራቸው ውስጥ ከ21,000 በላይ ሰው ተቀብሯል፣ ድንጋዮቹ ላይ ዕድሜውን ስታነብ 18 ነው፣ 19 ነው። የጀርመን ዩኒፎርም ከለበሱት ውስጥ ደግሞ ከሶቪየት የተማረኩ፣ ከካምፕ ረሃብና ከጠመንጃ መሀል ምረጡ ተብለው የመጡም ነበሩ። የተዋጉለት አገዛዝ ምን እንደነበረ አልረሳሁም፣ መርሳትም አያስፈልግም። ያም ሆኖ የእናታቸው ልቅሶ ያው ልቅሶ ነው።

ጠቅላላ የኖርማንዲው ጦርነት እስከ ኦገስት መጨረሻ ሲቆጠር የተባበሩት ምድር ጦር ብቻ ወደ 37,000 ሙት አለው፣ አየር ኃይላቸው ደግሞ ከ16,000 በላይ። ጀርመኖቹ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሙትና ቁስለኛ፣ ወደዛው የሚጠጋ ምርኮኛ።

የአካባቢው ሰላማዊ ሰውስ ምን ሆነ?

በጣም የሚረሳው ጥያቄ ይሄ ነው። ጁን 6 እና 7 በሁለቱ ቀን ብቻ ወደ 3,000 የኖርማንዲ ሲቪል ሞቷል፣ ማለት በዲ-ዴይ ዕለት ከሞተው የተባበሩት ወታደር ከግማሽ በላይ የሚሆን፣ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ደግሞ ወደ 20,000 ይደርሳል። አብዛኛው የሞተው በጀርመን ጥይት አይደለም፣ ነጻ ሊያወጡት በመጡት ቦምብ ነው።

ካን የምትባለውን ከተማ እንውሰድ፣ ከጦርነቱ በፊት ወደ 60,000 ሰው ይኖርባት ነበር። ጁን 6 ጠዋት ሰው ከባህሩ በኩል መድፍ ሲሰማ መጡልን ብሎ ደስ ብሎት ነበረ፣ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኖች መጥተው መሀል ከተማውን መቱት፣ ሌሊትም ደገሙት። ከተማዋ በዕቅዱ በዛው ቀን ትያዛለች የተባለች ነበረች፣ የሰሜኑ ክፍል የተያዘው ጁላይ 9 ነው፣ ከዛ በፊት ጁላይ 7 ማታ ከ400 በላይ ቦምብ ጣዮች እንደገና ደብድበዋታል። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ካን ውስጥ ሞተ። የተረፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባሉ የድንጋይ ማውጫ ዋሻዎች ውስጥ ለሳምንታት ኖረ፣ ሌላው ደግሞ ትልቁ የድሮ ገዳም ውስጥና አጠገቡ ያለው ሆስፒታል ውስጥ በሺዎች ተጠለለ፣ አውሮፕላኖቹ እንዳይመቷቸው ጣሪያው ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ሰርተው ዘረጉ። ያንን አዩት፣ ገዳሙ ተረፈ።

ሴን-ሎ የምትባለው ደግሞ ከፍርስራሽ በቀር ምንም ስላልተረፋት የፍርስራሽ ዋና ከተማ የሚል ስም ወጣላት። "ለ አቭር" የምትባለውን ወደብ ደግሞ በሴፕቴምበር፣ ፓሪስ ነጻ ከወጣች በኋላ ማለት ነው፣ ደብድበው ወደ 2,000 ሲቪል እዛም ሞቷል።

ነጻ ሊያወጡ መጥተው ለምን ከተሞቹን ደበደቡ? የግድ ነበር?

የጦሩ ሀሳብ ግልጽ ነው፣ የጀርመን ታንክ ወደ ዳርቻው የሚመጣው በነዚህ ከተሞች መስቀለኛ መንገድና ድልድይ ስለሆነ ህንጻው ፈርሶ መንገዱን ይዝጋው ነው የተባለው። ህዝቡ ውጡ የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን ተበትኗል፣ ግን ብዙው በንፋስ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የደረሰውም ሰው ደካማ አባቱን ትቶ የት ይሂድ? ይሄ ነገር ያኔም ያልታየ ጉዳይ አልነበረም፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ከወረራው በፊት የባቡር መስመሩ ድብደባ ብዙ ፈረንሳዊ ይገድላል ብሎ ተጨንቆ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሩዝቬልት ጽፎለታል፣ የተመለሰለት መልስ የጦሩ ፍላጎት ይቀድማል የሚል ነው።

እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። ወረራው ትክክል ነበረ፣ መደረግ ነበረበት። የድልድይና የባቡር መስመር ድብደባው ብዙ ወታደር አትርፏል ብዬም አምናለሁ። መሀል ከተማዎቹን መደብደብ ግን የታሰበውን ያህል አልሰራም፣ የጀርመን ጦር ዙሪያውን ዞሮ መጣ፣ በጁላይ ካን ላይ የፈረሰው ፍርስራሽ ደግሞ የራሳቸውን የእንግሊዞችን ታንክ ነው መንገድ የዘጋው። ለሰባ ዓመት ያህል በትልቁ በዓል ላይ እነዚህ ሰዎች ስማቸው አይነሳም ነበር፣ የያኔው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኦላንድ በ2014 ካን ላይ ለሲቪሎቹ መታሰቢያ ሲያደርግ ሽማግሌዎች ነበሩ በመጨረሻ ያዩት። ዛሬም ኖርማንዲ ሄዳችሁ ብታወሩ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይነግሯችኋል፣ ወታደሮቹን እንወዳቸዋለን፣ እናታችንን የገደላት ቦምባቸው ነው።

ዲ-ዴይ ባይኖር ሂትለር አይሸነፍም ነበር?

አብዛኛው የጀርመን ጦር ያለቀው በምስራቅ በኩል ከሶቪየቶች ጋር ነው፣ ሶቪየት ህብረት ወደ 27 ሚሊዮን ሰው ነው የገበረችው፣ ከዲ-ዴይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጁን 22 የጀመሩት ባግራቲዮን የሚባለው ዘመቻ ደግሞ በስፋቱ ከኖርማንዲው ይበልጣል። ስለዚ ኖርማንዲ ብቻውን አሸነፈ ማለት ስህተት ነው። ምንም አልነበረም ማለትም ስህተት ነው፣ ስታሊን ራሱ ሁለተኛ ግንባር ክፈቱልን እያለ ዓመታት ሲለምን የነበረው ለዚ ነው። ጦርነቱ በተራዘመ በያንዳንዱ ወር የናዚዎቹ የሞት ካምፖች ውስጥ የሚገደለው ሰው እንዳለም አትርሱ።

መቃብሮቹ የት ናቸው? አስከሬናቸው ያልተገኘስ?

አሜሪካኖቹ ኦማሃ በላይ ኮልቪል የምትባል ቦታ ከ9,380 በላይ መቃብር አላቸው፣ እንግሊዞች ትልቁ ባዩ ከተማ ላይ ነው፣ በ2021 ደግሞ ጎልድ ዳርቻ በላይ 22,442 ስም የተጻፈበት መታሰቢያ ከፍተዋል። ኮልቪል ላይ ያልተገኙ የ1,557 ሰዎች ስም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፣ አንዱ በኋላ ሲገኝ ከስሙ አጠገብ ትንሽ የነሐስ አበባ ይደረግለታል።

ፓይፐር የሚባሉ የ19 ዓመት መንትዮች ነበሩ፣ ጁሊየስና ሉድቪግ፣ ከኔብራስካ። ሁለቱም የባህር ኃይል የሬዲዮ ሰራተኞች ሆነው አንድ መርከብ ላይ ይሰሩ ነበር፣ ጁን 19 መርከቡ ዩታ አጠገብ ፈንጂ መታው። የሉድቪግ አስከሬን ተገኝቶ ኮልቪል ተቀበረ፣ ጁሊየስ ጠፋ። በ1961 ፈረንሳዮች ከሰጠመው መርከብ ውስጥ አጽም አወጡ፣ ማንነቱ ስላልታወቀ ቤልጂየም ውስጥ በቁጥር ብቻ ተቀበረ፣ እንደዛ ሆኖ ሃምሳ ምናምን ዓመት ቆየ። ከዛ አንዲት የኔብራስካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ መንትዮቹ ለትምህርቷ ስትመረምር ፋይሉ እንደገና ተከፈተ፣ በ2017 አጽሙ የጁሊየስ መሆኑ ታወቀ። ጁን 19 ቀን 2018፣ በሞቱ በ74ኛ ዓመቱ፣ ወንድሙ አጠገብ ተቀበረ፣ ግድግዳው ላይ ስሙ ጎን የነሐሷ አበባ ተደረገች።